ፈርንስቢ የሚባል አባት

በአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ሸንበቆ ሚካኤል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚህች ከተማ ፈርንስቢ የሚል የአባት ስም የያዘ ሰው ከሌላው ሁሉ ይበዛል። በጤና ጣቢያው መርፌ የምትወጋው ነርስ ሰብለ ፈርንስቢ ናት፤ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ባጃጅ የሚነዳው ሙሉሰው ፈርንስቢ ነው፤ ሥጋ ቤቱ የአዝመራው ፈርንስቢ ነው። ሦስቱ ዝምድና የላቸውም፣ ወይም አላቸው፤ ይህ ገና አልተወሰነም። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ መምህር በመጀመሪያው ቀን የተማሪ ስም ሲጠራ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ግራ ይገባዋል፣ በመጨረሻ የሚያሾፉበት መስሎት ይቆጣል።

ስሙ የእንግሊዝ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ከስሙ ባለቤቶች መካከል የእንግሊዝ ደም ያለው አንድም ሰው የለም፤ ይህንንም ማንም አይክድም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ግን እያንዳንዱ ሽማግሌ በራሱ መንገድ ይናገረዋል፣ አንዱ ሲናገርም ሌላው ራሱን ይነቀንቃል።

ነገሩ የሚብሰው ጋብቻ ሲመጣ ነው። እንደ አገሩ ልማድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም። ባለፈው ጥር የአዝመራውን ልጅ ሊያጩ የመጡት ሽማግሌዎች የዘር ቆጠራውን ሲጀምሩ የልጁም አያት ፈርንስቢ፣ የልጅቷም አያት ፈርንስቢ ሆኖ ተገኘ።

«ከፈርንስቢ በላይ ማን አለ?» አለ የወንዱ ወገን።

«ከፈርንስቢ በላይማ እግዜር ነው» አለ የሴቷ ወገን።

«እንግዲያው ወንድምና እህት ናቸዋ።»

«በእግዜር በኩል ከሆነ አንተና ሚስትህም ናችሁ።»

ሠርጉ ተሠረገ። ጥያቄው ግን እዚያው ቀረ።

*

ስለ ትርጉሙም ስምምነት የለም። ፈርንስቢ ማለት በእንግሊዝ አገር «መሬት የሚለካ» ማለት ነው የሚሉ አሉ፤ «ዘመድ የሌለው» ማለት ነው የሚሉ አሉ፤ አንዲት መነኩሲት ደግሞ የመልአክ ስም ነው ብለው ለብዙ ዘመን ሲያስተምሩ ኖረው በዚያው እምነታቸው አርፈዋል። ከከተማዋ ወጥቶ ባሕር ዳር እርሻ የተማረ አንድ ወጣት በእረፍት ሲመጣ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ ስሙ ፈርን ከሚባል ቅጠል የመጣ እንደሆነና «የፈርን መንደር» ማለት ሳይሆን እንደማይቀር አስረዳ። ፈርን በጥላና በእርጥብ ቦታ የሚበቅል፣ አበባም ፍሬም የማይታይበት ተክል ነው አለ። በሸንበቆ ሚካኤል ጥላም እርጥበትም የለም።

«አበባ ከሌለው፣ ፍሬም ከሌለው፣ እንዴት ይራባል?» ብለው አንዱ ሽማግሌ ጠየቁት።

«ድሮ ማንም አያውቅም ነበር፣ አባባ።»

«እንዲህማ ከሆነ የእኛው ነው» አሉ፣ ሁሉም ሳቁ፣ ወጣቱም የቀረውን ማብራሪያ ትቶ አብሮ ሳቀ።

ይኸው ወጣት እንደነገራቸው ከሆነ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በዚህ ስም የሚጠራ ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሁሉም ቢሰበሰቡ አንድ አውቶቡስ አይሞሉም ይባላል። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ አዘኑ። እዚያ ለምን እንዳለቀና እዚህ ለምን እንደበዛ ሲከራከሩ ዋሉ፤ አንዳቸውም ግን ያሳመኑት ሰው የለም።

*

እንደሚነገረው ነገሩ የተጀመረው ጣሊያን ከአገር በወጣ ማግስት ነው፤ ከዚያ በፊት ነው የሚሉም አይጠፉም። አንድ እንግሊዛዊ ወደ አባይ በሚወርደው በጥልማ ወንዝ ላይ ድልድይ የሚሠራበትን ቦታ ሊለካ መጣ። ድልድዩ እስከ ዛሬ አልተሠራም። ሰውየው ረጅም ስለነበረ በቅሎ ላይ ሆኖ እግሩ መሬት ይነካ ነበር ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ አጭር ስለነበረ በቅሎ ላይ የሚወጣው ድንጋይ ረግጦ ነው ይላሉ። ጢም ነበረው፣ አልነበረውም። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ጅብ ይፈራ እንደነበረ ነው፤ ሲመሽ በድንኳኑ ዙሪያ እሳት ሳያስነድድ አይተኛም ነበር ይባላል።

የመለኪያ ሰንሰለቱን ሌላኛ ጫፍ የሚይዝለት ደምለው ባዬ የሚባል የዚያው አገር ገበሬ ነበር። ደምለው አባቱ ባዬ ከሞተ ወዲህ ከእናቱ ከእመት አንጓች ጋር የአባቱን ርስት እያረሰ ይኖር ነበር፤ ርስቱም በሸንበቆ ሚካኤል ካሉት ማሳዎች ሁሉ ጥቁር አፈር ያለው፣ ሜዳ የሆነ፣ የአባቱ ወንድም አቶ ታረቀኝ ሲያልፍ ሲያገድም ቆሞ የሚያየው መሬት ነበር። እንግሊዛዊው የሚያውቀው አማርኛ «ያዝ»፣ «ልቀቅ» እና «ወደዚያ» የሚሉትን ብቻ ነበር፤ ደምለውም እንግሊዝኛ አያውቅም። ሆኖም ከሰንሰለቱ ግራና ቀኝ ሆነው ወራት አብረው ሠሩ፣ አብረው በሉ፤ ሁለት ሰዎች በሦስት ቃል ይህን ያህል መዋደዳቸውን የሚያደንቁ አሉ፣ የተዋደዱት በሦስት ቃል ስለሆነ ነው የሚሉም አሉ።

ከዚያ እንግሊዛዊውን በረሃው ውስጥ ንዳድ ያዘው። አብረውት የመጡት ሰዎች መድኃኒት ፍለጋ ወንዙን ተሻግረው ሄዱ፤ ወንዙም ከኋላቸው ሞላ፣ መመለስም አልቻሉም። ደምለው በሽተኛውን በጀርባው አዝሎ ገደሉን ወጣና እናቱ ቤት አስተኛው። እመት አንጓች ያወቀችውን ሁሉ አደረገችለት፤ ፌጦ በጠበጠችለት፣ ግንባሩን በውሃ አራሰችለት፣ ሲቃዥም እንደ ልጇ ተቆጣችው። አልዳነም። ሲሞት የደምለውን እጅ ይዞ አንድ ቃል ተናገረ፤ ቃሉ «ያዝ» ነው የሚሉና «ልቀቅ» ነው የሚሉ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ በዚህ ምክንያት ይኮራረፋሉ። ደምለው የመለሰለት ግን ይታወቃል። «ለጅብ አልሰጥህም» አለው።

*

በዚያ ዘመን በሸንበቆ ሚካኤል አንድ ሕግ ነበረ። ሬሳ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ሲደርስ ቄሱ በሩ ላይ ቆመው «ይህ የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ዘመድ የሆነ ሰው ወጥቶ የሟቹን አባት ስም ጠርቶ ይመልሳል፤ ሬሳውም ይገባል። የሚመልስለት ዘመድ የሌለው ግን ወደ ወንዙ ዳር ተወስዶ፣ አፈሩ ከአንድ ክንድ በማይጠልቅበት ቋጥኝ ላይ ድንጋይ ይከመርበት ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን አያነሳውም።

ደምለውና ጎረቤቶቹ ሬሳውን በቃሬዛ ይዘው ሲመጡ በሩ ላይ የቆሙት መምሬ ዋሴ ነበሩ፤ ደግ ሰው ናቸው ይባላል፣ ግን ሕግ አይዘሉም።

«ይህ የማን ነው?» አሉ።

«የእኔ ነው፣ አባ» አለ ደምለው።

«ያንተ ምንህ?»

«ወንድሜ።»

ሰዉ ሳቀ። የሬሳው እግር ከጋቢው ወጥቶ ይታይ ነበር፣ ነጭ ነው። ከሳቁት መካከል አቶ ታረቀኝ ድምፁ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። መምሬ ዋሴ ብቻ አልሳቁም።

«ወንድም በአባት ነው ወይስ በእናት?»

ደምለው በሴቶቹ መካከል የቆመችውን እናቱን አየና «በአባት» አለ።

«አባታችሁ ማን ይባላል?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። እንግሊዛዊው በተገናኙ በመጀመሪያው ቀን ደረቱን በጣቱ እየነካ ስሙን ነግሮት ነበር፤ ሁለት ስም ነበር፣ ሁለተኛው ፈርንስቢ ነው። በእኛ አገር ሁለተኛው ስም አባት ነው። በሌላ አገር ሌላ ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ በሸንበቆ ሚካኤል የጠረጠረ አልነበረም።

«ፈርንስቢ ይባላል» አለ ደምለው። «እኔም ደምለው፣ የፈርንስቢ ልጅ ነኝ።» ይህን ብሎ መስቀል ተሳለመ።

መምሬ ዋሴ ስለ ሟቹ ሃይማኖት አልጠየቁም፤ ዘመድ ያለው ሰው ሃይማኖቱንም ዘመዱ ነው የሚመልስለት። ከበሩ ገለል አሉ። ሬሳው ገባ፤ በምሥራቅ በኩል፣ ከወይራው ሥር፣ ጠልቆ ተቀበረ።

የሰውየው የራሱ ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠፋ። ሄንሪ ነበር የሚሉ አሉ፣ ኤድዋርድ ነበር የሚሉ አሉ። በሩ ላይ የተጠራው የአባት ስም ነበርና፣ ልጁ ጠፍቶ አባቱ ቀረ።

*

አቶ ታረቀኝ በቀብሩ ስቆ ነበር። ቤቱ ሲገባ ግን አልሳቀም ይባላል፤ ተቀምጦ አሰበ። በሠልስቱ ምስክሮች ይዞ ዳኛው ዘንድ ሄደ።

የከሰሰበት ነገር አጭር ነበር። ደምለው በሚካኤል ደጅ፣ መስቀል ስሞ፣ የፈርንስቢ ልጅ ነኝ ብሏል። የፈርንስቢ ልጅ ከሆነ በባዬ ርስት ላይ ምንም የለውምና ይልቀቅ። የባዬ ልጅ ነኝ ካለ ደግሞ በሐሰት ምሏልና ሬሳው ዘመድ የሌለው ነው፤ ከቅጥሩ ይውጣ። ይምረጥ።

የልጅ አባት ማን እንደሆነ የሚያጸናው በአገሩ ሕግ እናት ብቻ ነበረች። ስለዚህ ዳኛው እመት አንጓች ቀርባ እንድትናገር አዘዙ።

በዋዜማው እናትና ልጅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እሷ ጥጥ ትፈትላለች፣ እሱ ምንም አይሠራም።

«ወንድሜ ነው ብለህ ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አለችው።

«አባቱን ጠየቁኝ እኮ፣ እማ።»

«አላውቅም አትልም?»

«የወንድሙን አባት የማያውቅ ወንድም የት አለ?»

እንዝርቷን አሾረች። «ባዬ ይህን ቢሰማ በበትር ነበር የሚያባርርህ። ይህን መሬት ድንጋዩን በጥርሱ ነው የለቀመው። አሁን ደግሞ እኔ ነገ ወጥቼ ምን ልበል? የፈርንስቢ ነው ብል ምን እባላለሁ? ፈረንጅ ወደደች ይሉኛል ስል፣ የፈረንጁን አባት ወደደች ሆኖ አረፈው። ያላየሁትን ሽማግሌ።»

ደምለው ሳይወድ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «እንግዲያው እውነቱን ተናገሪ። የባዬ ልጅ ነው በይ። እኔም ዋሽቻለሁ እላለሁ።»

«ሰውየውስ?»

«ያወጡታል።»

«ወዴት?»

«ወደ ወንዙ።»

እመት አንጓች ፈትሏ ተበጠሰ። ቀጠለችው።

*

ችሎቱ የተሰየመው ከሾላው ሥር ነበር። ዳኛው ቀኛዝማች አሰጌ በድንጋይ ወንበራቸው ተቀመጡ፤ አገሩ ሁሉ ዙሪያውን ቆመ፤ አቶ ታረቀኝ ጋቢውን አደግድጎ በትሩን ወደ መሬት እየወጋ ነገሩን ዘረዘረ። አነጋገሩ እጅግ ያማረ ነበር ይባላል። ሲጨርስ ደምለው መልስ እንዲሰጥ ተጠየቀና «ያልኩትን ብያለሁ፣ ጌታዬ» አለ።

ቀኛዝማች አሰጌ ወደ እናቱ ዞሩ። «እመት አንጓች፣ የልጅ አባት በእናት አፍ ነው። ደምለው የማን ልጅ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ይህንንማ አገር ያውቃል። አባቱን ነው የጠየቅንዎት።»

እመት አንጓች ነጠላዋን አስተካከለች።

«ይናገሩ እንጂ።»

«ጌታዬ፣ ይህን በእርግጥ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ከእኔ ጋር ይቀመጥ።»

ሰዉ አጉረመረመ። አቶ ታረቀኝ በትሩን አነሳ። «ወንድሜን ካደችው። ስሙልኝ፣ በአደባባይ ባሏን ካደች።»

«አልካድኩም፣ ዋርሳዬ» አለችው። «አልነገርኩህም እንጂ።»

ቀኛዝማች አሰጌ ደግመው ጠየቋት። ዝም አለች። የምትቀጣውን ነገሯት፤ ዝም አለች። ዝምታው ምን ያህል እንደቆየ ሽማግሌዎቹ አይስማሙም፤ ጥላው ከሾላው ግንድ ዞሮ ዳኛው እግር ሥር እስኪደርስ ነበር የሚሉ አሉ፣ ይህ ግን ሳይጋነን አልቀረም። በመጀመሪያ ሁሉም ያያት ነበር። ኋላ ማየቱ ከበዳቸው። አንዲት ባልቴት በሕዝብ መካከል ብቻዋን ቆማ፣ ስሟ ሲበላሽ እያወቀች፣ አንድ ቃል ብትናገር የሚድነውን ሁሉ ይዛ ዝም ስትል ማየት እንደ ራቁት ሰው ማየት ሆነባቸው። ቀድመው ዓይናቸውን ወደ መሬት የጣሉት ዳኛው ናቸው ይባላል። ከዚያ ምስክሮቹ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ።

ቀኛዝማች አሰጌ እንዳቀረቀሩ ፈረዱ። «እናት አልተናገረችም። ያልተናገረች እናት የልጇን መሐላ አላፈረሰችም። ደምለው ራሱን በጠራበት ይጠራ፤ ሬሳውም ባለበት ይቆይ። የባዬ ርስት ለባዬ ወንድም ይሁን።»

አቶ ታረቀኝ መሬቱን ወሰደ። በዚያው ዓመት አረሰው፣ ጤፉም አማረ። እርግማን ደረሰበት፣ መብረቅ መታው የሚሉ ተራኪዎች አሉ፤ አልደረሰበትም። ሸምግሎ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ በአልጋው ነው የሞተው።

ደምለውና እናቱ በእናቱ ወገን ወደ ደረሳት ተረተር ወጡ፤ ድንጋይና ቁልቋል ነበር። ሴቶቹ የማኅበር ጠላ ሲቀዱ እመት አንጓችን ይዘሏት ጀመር፤ በሠርግም ስሟን የሚያነሳ ግጥም ወጣ፣ ግጥሙ ዛሬ ተረስቷል። አንድ ቀን ደምለው ድንጋይ ሲለቅም ውሎ፣ ቀና ሳይል፣ «አባቴን አጠፋሁብሽ» አላት።

«ባዬ ልጁን ያውቃል» አለችው። «ሌላው ባያውቅ ምን ቸገረው?»

ስትሞት የባዬ ወገኖች ከባሏ ጎን እንዳትቀበር ከለከሉ። በምሥራቅ በኩል ከወይራው ሥር ቦታ ነበረ፤ እዚያ ተቀበረች። ከዚህ የተነሳ በእሷና በእንግሊዛዊው መካከል ፍቅር ነበረ የሚል ሌላ ታሪክ ተወልዷል፤ የሚተርኩትም በአብዛኛው ከተማ ደርሰው የመጡ ናቸው።

*

ወንዙ ጎድሎ ከወራት በኋላ የእንግሊዛዊው ጓደኞች አስተርጓሚ ይዘው መጡ። ይህ ክፍል ከሁሉም የተምታታ ነው።

መቃብሩን አዩ፤ ማን ነው የቀበረው አሉ። ወንድሙ ተባሉ። ደምለው ቀረበ፤ ተያዩ። አስተርጓሚው ነገሩን ሁሉ ከሰማ በኋላ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ ፈርንስቢ የሰውየው አባት መጠሪያ ስም እንዳልሆነ፣ አባቱ ሌላ ስም እንዳለው፣ ፈርንስቢ ግን የአባቱም የአያቱም የቅድመ አያቱም፣ የአጎቶቹና የእህቶቹም ስም እንደሆነ ነገራቸው።

«የሁሉም?» አሉ መምሬ ዋሴ።

«የሁሉም፣ አባ። የሚስቱም ጭምር።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እህቱን ነበር እንዴ ያገባው?»

አስተርጓሚው ለማስረዳት ደከመ። ባል ሲያገቡ ስማቸውን ይተዋሉ አለ፤ ይህን ሲሰሙ የበለጠ ግራ ገባቸው፤ አባቷን የምትተው ሴት ምን ዓይነት ናት ተባባሉ። የገባቸው አንድ ነገር ቢኖር ፈርንስቢ የሚባል፣ ይህ ነው ተብሎ በጣት የሚጠቆም አንድ አባት እንደሌለ ነው። ደምለው ርስቱን ያጣው በሌለ ሰው ስም ነበር። እንዲህ ሲሉት «ለእኔ አለ» አለ ይባላል፤ ሌሎች ደግሞ ምንም አላለም፣ ሄዶ ድንጋዩን ለቀመ ይላሉ።

እንግሊዞቹ አጽሙን ወደ ከተማ ወስደው ከወገኖቹ ጋር ሊያሳርፉት ፈልገው ነበር። ደምለው ወንድሜን አላስነካም ብሎ ከለከላቸው፤ እነሱም ባርኔጣቸውን አውልቀው ተመለሱ። ወይም ፈቀደላቸው፣ ወሰዱት፣ ከወይራው ሥር ያለው መቃብር ባዶ ነው። ሁለቱንም በእርግጠኝነት የሚናገሩ አሉ። ቆፍሮ ያየ የለም።

*

የእኛ አገር ስም ሁለት እርምጃ ሄዶ ይሞታል። ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፣ የልጅ ልጅ ሲመጣ አያት ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው የለም። ደምለው የወለዳቸው ልጆች በደምለው ተጠሩ፤ በዚህ መንገድ ቢሆን ፈርንስቢ የሚለው ስም ዛሬ፣ እንግሊዛዊው ከመምጣቱ በፊት እንደነበረው፣ በሸንበቆ ሚካኤል የማይታወቅ በሆነ ነበር። ያልጠፋበትን ምክንያት ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

እመት አንጓች በሕይወት ሳለች ነው ይባላል፣ አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን አዝላ ከበረሃው ወጣች። ከየት እንደመጣች፣ ማን እንደነካት አልተናገረችም። የክርስትናው ቀን መምሬ ዋሴ፣ ያኔ አርጅተው ነበር፣ «የማን ልጅ ልበል?» ብለው ጠየቋት። ዝም አለች። ሰዉ አንገቱን አስግጎ ያያት ጀመር፤ አንዳንዱም ይንሾካሾካል። ከሴቶቹ በኩል የእመት አንጓች ድምፅ ተሰማ።

«ዓይናችሁን አንሱላት» አለች።

ከዚያ በፊት በሾላው ሥር የነበሩት ወዲያው ወደ መሬት አዩ፤ ያልነበሩትም እነሱን አይተው አቀረቀሩ። መምሬ ዋሴ ጥቂት ጠበቁና፣ እሳቸውም እንዳቀረቀሩ፣ «የፈርንስቢ ልጅ» ብለው አጠመቁ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሴት መጣች። ከዚያ ሌላ። አባቱ የካደው፣ አባቱ የማይጠራ፣ አባቱ ቢታወቅ ደም የሚያፋስስ ሕፃን ሁሉ ፈርንስቢ ሆነ። ለጥቂት ዘመን ስሙ የእንዲህ ያሉ ልጆች መለያ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር፤ በጨዋታ ላይ ልጆች ሲጣሉ «አንተ ፈርንስቢ» መባባል ጀምረው ነበር ይባላል።

ይህን ያስቀረው ማን እንደሆነ አይታወቅም። እመት አንጓች ናት የሚሉ አሉ፤ እሷ ግን ያን ጊዜ ሞታ ነበር የሚሉም አሉ። ሐሳቡን ማንም ያምጣው፣ የጀመሩት ባል ያላቸው ሴቶች ናቸው።

ዛሬ በሸንበቆ ሚካኤል ሕፃን ለክርስትና ሲቀርብ ቄሱ «የማን ልጅ ልበል?» ብለው ጆሯቸውን ወደ እናትየው ያስጠጋሉ። በዚያች ቅጽበት የቆመው ሁሉ ያቀረቅራል። እናትየው በጆሯቸው ትነግራቸዋለች፣ ወይም አትነግራቸውም። ቄሱም ቀና ብለው የአንድ አባት ስም ይጠራሉ። በሕግ ያገባች፣ በድግስ የተዳረች፣ ባሏ በአገር የሚታወቅ ሴት ከልጆቿ መካከል ለአንዱ ዝም ትላለች፤ ለየትኛው ልጅና ለምን እንደሆነ አትጠየቅም፤ ስለዚህ የትኛው ፈርንስቢ አባት እንዳለውና እንደሌለው በስሙ የሚለይ የለም። «የፈርንስቢ ልጅ» ይላሉ ቄሱ። ባልየው አጠገቧ ቆሟል፤ የራሱ ስም ሳይጠራ ሲቀር ይሰማል፣ ሰው ሁሉ ቀና እስኪል ድረስም እንደ ሌላው መሬት መሬቱን ያያል።